መጫወቻው እየሠራ ነው፤ የተዋጠው ባትሪ ከየት መጣ?

ይህ ጉዳይ የተፈጠረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ኪራይ ቤት ነው። ቤተሰቡ «ሌላ ሰው ከተማረበት ይጻፍ፣ ስማችን ግን ይቅር» ስላሉ ስም አልጠራም። ልጁን ማሙሽ እንበለው። ያኔ ሁለት ዓመቱን አልፎ ነበር። አባቱ የራይድ ሹፌር ነው፣ እናቱ ቢሮ ትሠራለች፣ አያቱ አብረዋቸው ይኖራሉ። ቀን ቀን የምትይዘው ሞግዚት አለች። የእናቱ ታናሽ ወንድም ደግሞ ቤቱን እንደራሱ ቤት ይገባል ይወጣል።

ማሙሽ ነፍሱ የአባቱ የመኪና ቁልፍ ላይ ነበር። አባትየው ማታ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ቁልፉን ይነጠቃል። ጠዋት ሥራ ሊወጣ ሲል ደግሞ ፍለጋ ነው። ከሶፋ ሥር ይገኛል፣ ከጫማ ውስጥ ይገኛል፣ አንዴማ ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወጥቷል። ስለዚህ የጥምቀት ዕለት አጎቱ ከጃንሜዳ ሲመለስ መጫወቻ የመኪና ቁልፍ ይዞለት መጣ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ የራሱ ይኑረውና የአባቱን ይተው።

እቃውን አይቼዋለሁ። ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ ብርማ። መጠኑ ከእውነተኛው እኩል ነው። አንዱን ቦታ ሲጫኑት «ጢው ጢው» ብሎ በር ይከፍታል፣ ሌላው ሞተር ያስነሳል፣ ሦስተኛው ክላክስ ነው። ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል። አባትየው ራሱ አንድ ማለዳ ተሳስቶ ይሄኛውን ኪሱ ከትቶ ወጥቷል።

የመጣበት ካርቶን አሁንም ቤት ውስጥ አለ። ጥግ ላይ ክብ ምልክት አለ። ክቡ ውስጥ የሕፃን ፊት ተስሏል፣ «0-3» የሚል ተጽፏል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተጋድሞበታል። አጎትየው ያነበበው ቁጥሩን ነው። «ከዜሮ እስከ ሦስት ዓመት ይላል፣ ለሱ ልክ ነው ብዬ ገዛሁት» አለኝ። ምልክቱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥ ነው የሚለው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሊዋጥ ወይም ሊያንቅ የሚችል ትንሽ ነገር ስላለው ነው። አልፈርድበትም። መስመሯ ቀጭን ናት፣ ቁጥሩ ጎልቶ ይታያል፣ ሻጩም «ለዚህ ዕድሜ ነው» ብሎታል።

ድምፅና መብራት ያለው መጫወቻ ባትሪ ይበላል። የዚህኛው ባትሪ ሲአር2032 የሚባለው ነው፤ እኛ የሰዓት ባትሪ የምንለው ጠፍጣፋ ክብ ነገር። ወርዱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ አዲስ ሲሆን 3 ቮልት። ማሙሽ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲያስነሳ ስለሚውል፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው የሞተሩ ድምፅ መጎተት ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ልቅሶ ሆነ።

አጎትየው እዚያው ሰፈር ያሉ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስዶ አስቀየረው። ሰውየው ድሮ ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ነው ወደዚህ የዞሩት። የጀርባውን ክዳን የያዘችው ብሎን ደቃቃ ናት። በካቻቪቴ ሲፈቷት ወድቃ ጠፋች። ስለዚህ ክዳኑን በናስትሮ ጠቀለሉት። አሮጌውን ባትሪ ለአጎትየው መለሱለት። እሱም ቤት ሲገባ ቡፌው ላይ ሳንቲም፣ መርፌ ቁልፍና ክር ወደሚጠራቀምባት ትንሽ ሳህን ወረወረው። ሌላ ጊዜ ሲያልቅ ለናሙና ይዞት ሊሄድ ነው።

እናትየው ናስትሮውን አልወደደችውም። ማታ ማታ ታየዋለች፣ ሲላላ በአዲስ ትደግመዋለች። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ናስትሮው እስከ መጨረሻው አልተላቀቀም።

ቀኑ በመጋቢት መጨረሻ አንድ ሐሙስ ነው። ዐቢይ ጾም ስለሆነ አያትየው ቅዳሴ ላይ ናቸው። ሞግዚቷ ወጥ ጥዳለች። ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ከሳሎን ሳል ሰማች። ስትሮጥ ብትመጣ ማሙሽ ቡፌው ሥር ቆሞ ያስላል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ እጁ ላይ ያ ቁልፍ አለ። አፉን ከፍታ አየች፣ ምንም የለም። ሳሉ ቆመለት። መጫወቻውን ገልብጣ አየች፤ ናስትሮው እንዳለ ነው። ተጫነችው፤ ጢው ጢው አለ። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? በኋላ ግን ጣት ሁሉ የዞረው ወደ እሷ ነው፣ እስከ ዛሬም ሲነሳ ታለቅሳለች።

ምሳ ሲቀርብ ማሙሽ አልበላም አለ። አንድ ጉርሻ ፍርፍር ገብቶ ተመልሶ ወጣ። ለሃጩ መዝረክረክ ጀመረ፣ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ራሰ። አያትየው 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመጡ ልጁ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ጎረቤት ገብታ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ» አለች። አያትየው «ይሄ ድሮ ቀረ» ብለው መለሷት። እሳቸው የጠረጠሩት አጥንት ነው። ዳቦ በሻይ ነክረው ሰጡት፤ የተሰነቀረ ነገር ካለ ወደ ታች ይግፋው ብለው። አስመለሰው። ያኔ እናትየው ተጠራች።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈር ካለ ክሊኒክ ደረሱ። ራጅ ተነሳ። ደረቱ ላይኛው ክፍል፣ የምግብ ቧንቧው ውስጥ፣ ክብ ነጭ ነገር ቁጭ ብሏል። ባለሙያው ጠየቀ፤ «ቤት ውስጥ ልጁ ሊደርስበት የሚችል ሳንቲም አለ?» አዎ፣ ሳህኗ ሙሉ ነው። «ባትሪስ?» የሚል ጥያቄም ተነስቷል። እናትየው የሞግዚቷን ቃል ደገመችለት፤ መጫወቻው እየሠራ ነው፣ ክዳኑም አልተነካም። ጥያቄው እዚህ ላይ ተዘጋ። ሳንቲም ነው ተባለ። «ብዙ ጊዜ በራሱ ይወርዳል፣ ካልወረደ ነገ ጠዋት ኑ፣ ሪፈር እጽፋለሁ» ተብለው ወደ ቤት ተመለሱ።

ጉዳዩን በዝርዝር ያስረዱኝ የሕፃናት ሐኪም እዚህ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሳንቲም የዋጠ፣ ነገር ግን ምንም ምልክት የማያሳይ ልጅ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ 24 ሰዓት እየታየ ሊጠበቅ ይችላል። ያ ትክክለኛ አሠራር ነው። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረከረክ ልጅ ግን የዋጠው ሳንቲምም ቢሆን ለነገ አይባልም። ሌላው ነገር ፊልሙ ራሱ ነው። ባትሪ ከፊት ለፊት ሲነሳ ጠርዙ ላይ ድርብ ቀለበት ይታያል። ከጎን ሲነሳ ደግሞ አንዱ ወገኑ ጠበብ ስለሚል ትንሽ ደረጃ ይኖረዋል። ሳንቲም ከጎን ሲታይ ቀጥ ያለ ነው። ክሊኒኩ የጎን ራጅ አላነሳም። በዚያ ላይ የእኛ የአንድ ብር ሳንቲም በሁለት ዓይነት ብረት የተሠራ ስለሆነ ድርብ ቀለበት ያየ ሰው እሱ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ግን መጠኑ ይለያያል። የአንድ ብሩ ሳንቲም ወርዱ 27 ሚሊ ሜትር ነው፣ የባትሪው 20።

ቤቱን ከዚህ ያወጣው ሐኪም አይደለም። አጎትየው ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ መጥቶ ወሬውን ሰማ። «ሳንቲም ነው» ሲሉት ወደ ቡፌው ሄዶ ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ ገለበጣት። ሳንቲም አለ፣ መርፌ ቁልፍ አለ፣ ክር አለ። «የድሮው ባትሪ የታለ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። አባትየው መኪናውን አስነሳ።

ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገና በር ላይ «የሰዓት ባትሪ ውጦ ነው» ሲሉ ወረፋ የለም፣ ቀጥታ ነው የገቡት። የጎን ራጅ ተነሳ። ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ባትሪው በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ወጣ። በልጁ ጉሮሮ ውስጥ አሥር ሰዓት ቆይቷል።

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይመጣል። ባትሪው እኮ አልቋል፣ ታዲያ እንዴት ያቃጥላል? እናትየውም ሐኪሞቹን መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ይህንኑ ነው።

ብዙ ሰው የሚመስለው ባትሪው ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ኬሚካል ፈስሶ እንደሆነ ነው። ዋናው ጉዳት ግን ከዚያ አይደለም። ባትሪው ጠባብ ቦታ ላይ ሲሰነቀር ሁለቱ ወገኖቹ እርጥብ ሥጋ ይነካሉ። ምራቁና እርጥበቱ ሽቦ ሆነለት ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ማለፍ ይጀምራል። በኔጌቲቩ ወገን ውሃው ይሰነጠቅና ሃይድሮክሳይድ ይፈጠራል። ይህ የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ ከሆነው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሥጋውን ያሟሟዋል። ከባድ ጉዳት ለመድረስ ሁለት ሰዓት በቂ ነው።

ለዚህ ሥራ ደግሞ ባትሪው ብርቱ መሆን የለበትም። ውሃን ለመሰንጠቅ በስሌት 1.23 ቮልት ይበቃል። መጫወቻው ግን ድምፅ ማጉያና መብራት አለው። ቮልቱ ከ3 ትንሽ ወረድ ሲል ያቅተዋል፣ ዝም ይላል። እኛ «አለቀ» የምንለው ያኔ ነው። አለቀ ማለት ግን ለመጫወቻው አልበቃም ማለት ብቻ ነው። ጉሮሮ ለማቃጠል የሚሆነው አሁንም ውስጡ አለ።

ስለዚህ «መጫወቻው ይሠራል» የሚለው መልስ ውሸት አልነበረም። የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። መጫወቻው ውስጥ ባትሪ እንዳለ ይናገራል፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ባትሪ እንዳልነበረ አይናገርም። ሞግዚቷ፣ እናትየውና የክሊኒኩ ባለሙያ ሦስቱም አንድ መልስ ላይ ተደገፉ፣ ጉዳዩም በዚያ ዘገየ።

ማሙሽ ተርፏል። ግን ባትሪው ስለወጣ ነገሩ አላለቀም። የቧንቧው ግድግዳ በአንድ ወገን ጠቁሮ ነበር። ቃጠሎው ባትሪው ከወጣ በኋላም ለቀናት ወደ ጥልቅ ሊገፋ ይችላል። ቧንቧው ተበስቶ ከአየር ቧንቧ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ከሁሉም የከፋው አጠገቡ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ ከተነካ ነው። ይህ ልጁ ድኗል ተብሎ ቤቱ ከገባ ከሳምንታት በኋላ እንኳ ሊከሰት ስለሚችል፣ ሲወጡ «ደም ካስመለሰ፣ ወይም ሰገራው ከጠቆረ፣ ሌሊትም ቢሆን ኑ» ተብለዋል። ለተወሰነ ጊዜ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ተመገበ። በኋላ ቁስሉ ሲሽር ቧንቧው ጠበበበት፣ በተደጋጋሚ እየገባ ማስፋት አስፈለገ። አሁን በደንብ የራሰ ፍርፍር ይበላል። ሥጋ ገና ነው።

ቤተሰቡ ቀድሞ ቢያውቀው ይጠቅም የነበረ አንድ ነገር እያንዳንዳችን ቤት አለ፤ ማር። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሳማ ግልገሎች ላይ የተደረገ ጥናት ማር ቃጠሎውን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአሜሪካ የመርዝ መረጃ ማዕከል ምክርም ይህንኑ ተከትሎ ነው። ልጁ ዓመት ከሞላው፣ ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ፣ እና መዋጥ ከቻለ፣ ወደ ሆስፒታል እየተጓዙ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር፣ እስከ ስድስት ጊዜ። ዓመት ላልሞላው ማር አይሰጥም፣ ለሌላ አደገኛ በሽታ ያጋልጠዋል። ማር ፍለጋ ደግሞ አንድ ደቂቃ እንኳ መዘግየት የለም። ቤት ካለ ይዞ መውጣት ነው። ከማር ውጭ ግን ምግብም መጠጥም አይሰጥ፣ የአያትየው ዳቦም ሆነ ውሃ። ማስመለስም የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል። መኪና ደጃፍ ላይ ከቆመ ግን አምቡላንስ አይጠበቅም።

ስለ መጫወቻው ራሱ ምን እንበል? ከገበያ ይጥፋ የሚሉ አሉ። እኔ እንደዚያ አላስብም። እውነተኛ ነገር የሚመስል መጫወቻ ልጅ ይወዳል፣ መውደዱም ጤነኛ ነገር ነው። አባቱን መሆን ይፈልጋላ! ችግሩ መልኩ ላይ አይደለም። እውነተኛ እንዲመስል ያደረገው፣ የሚያበራውና የሚያስጮኸው፣ ከጀርባው ያለው ክዳን ሥር ነው የተቀመጠው። ሰው ሲገዛ ፊቱን አይቶ ነው። ገልብጦ ብሎን መኖሩን የሚያይ ጥቂት ነው። የአውሮፓም የአሜሪካም የመጫወቻ ደረጃ ለትንንሽ ልጆች የሚሸጥ መጫወቻ የባትሪ ክዳኑ ያለ መሣሪያ በእጅ ብቻ እንዳይከፈት ያስገድዳል። ይህም የጃንሜዳ ቁልፍ ሲሸጥ ብሎን ነበረው። ብሎኗ የጠፋችው እኛ ጋ ነው።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። እናትየው ከሆስፒታል ሲመለሱ ካቻቪቴ ይዛ ቤቱን ዞረች። ያው ዓይነት ባትሪ ከየት ከየት ወጣ መሰላችሁ? ከኤሌክትሪክ ሻማ፣ ከኪሎ መመዘኛ፣ ከልደት የተረፈ ዘፋኝ ካርድ ትንንሾቹ። በመጨረሻም ከአባትየው እውነተኛ የመኪና ቁልፍ። ያ ደግሞ ብሎን የሚባል የለውም፣ በጥፍር ነው የሚከፈተው። ልጁ ከእሱ እንዲርቅ ተብሎ መጫወቻ የተገዛለት ቁልፍ ከመጫወቻው ይልቅ ክፍት ነበር።

አሜሪካ ውስጥም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ሪስ የምትባል ሕፃን የሪሞት ባትሪ ውጣ ሞተች። መጀመሪያ የታሰበው የጉሮሮ ሕመም ነው። ከዚያ በፊት ሕጉ በዋናነት የሚቆጣጠረው መጫወቻን ነበር። በ2022 በስሟ የተጠራው ሕግ ሪሞትና ሌላ የቤት እቃም ክዳኑ እንዲጠበቅ አስገደደ። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አስገዳጅ ደረጃዋን ሥራ ላይ አዋለች።

ቤታችሁ ያለ ነገር ሊዋጥ መቻል አለመቻሉን በግምት ለማየት የሶፍት መሃል ላይ ያለውን ካርቶን ተጠቀሙ። በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም። ትክክለኛው መለኪያ ሲሊንደር ወርዱ 31.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ካርቶኑ ትንሽ ያጠብቃል፣ ቢያጠብቅ አይጎዳም። የሰዓት ባትሪ እንኳን በካርቶኑ በመለኪያውም እንደ ልቡ ያልፋል። ማግኔት ያላቸው መጫወቻዎች ራሳቸውን የቻሉ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ሁለት ጠንካራ ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ በመሃላቸው ተቆንጥጦ ሊበሳ ይችላል።

ከሁሉም ያልተፈታልኝ የነበረው ያለቀው ባትሪ ለምን ወደ ቤት እንደተመለሰ ነበር። ሰዓት ሠሪው ጋ ከእናትየው ጋር ሄድን። ጋሼ ነገሩን ቀድመው ሰምተዋል። ሳንጠይቃቸው ጀመሩ። «አሮጌውን ካልመለስኩ ደንበኛ 'አዲስ ለማስገባትህ በምን አምናለሁ?' ይለኛል። ጋራዥም እንደዚሁ አይደል? የድሮውን ዕቃ ካላሳዩህ አትከፍልም።» እውነታቸውን ነው። ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን።

አሁን ሁለት ነገር ለውጠዋል። የልጅ መጫወቻ ከሆነ ብሎን ሳያገኙ ክዳን አይዘጉም፤ ከአሮጌ ሰዓትና ሬዲዮ የነቀሏቸውን ብሎኖች በጣሳ አጠራቅመዋል። አሮጌውን ባትሪ ደግሞ ለደንበኛው አሳይተው እዚያው ያስቀሩታል። «ስጠኝ» ብሎ ድርቅ ላለ በሁለቱም ወገን ናስትሮ ለጥፈው፣ ልጅ እንዳያገኘው ብለው ይሰጡታል። አንዳንዱ ደንበኛ እዚያው ፊታቸው ቆሞ ናስትሮውን ልጦ ያየዋል አሉን፤ የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ።